የክርስትና ስሟን መካከለኛ ስም ብናደርገው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቡራኬዎ ይድረሰኝ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ሴት ናት ብለውናል። እዚህ ከሆስፒታል ሳንወጣ የልጅቷን ስም በሦስት ቦታ ሞልተን መስጠት አለብን፤ የመጀመሪያ ስም፣ መካከለኛ ስም እና የቤተሰብ ስም። ባለቤቴ ለፈረንጅ አፍ እንዲቀል “ኤማ” እንበላት ይላል። እኔ እሺ ብዬ፣ መካከለኛው ግን የክርስትና ስሟ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ። አማቴ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። የክርስትና ስም ለሰው አይነገርም፣ ወረቀት ላይ ከወጣ መተተኛ እጅ ይገባል አሉ። ባለቤቴ ደግሞ እንደ ታላቅ ወንድሟ መካከለኛው የአባት፣ የመጨረሻው የአያት ስም ይሁን ባይ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እመቤታችን በሰላም ታገላግልሽ። ከአማትሽ ቁጣ ልጀምር። ብዙ ቤት ያለው ፍርሃት ነውና።

የክርስትና ስም ይደበቅ የሚል ትምህርት በቤተ ክርስቲያናችን የለም። ስሙ የሚሰጣት ልትጠራበት ነው። ስትናዘዝ፣ በተክሊል ስታገባ፣ ታማ ሲጸለይላት፣ አንድ ቀንም ስታርፍ ካህኑ የሚጠራት በዚያ ስም ነው። አማትሽ ያሉት ግን ከመሬት ተነሥተው አይደለም። አገር ቤት ስም ይዞ ይደግማል፣ ያስደግማል የሚባል ሰው ይፈራል። እናቶቻችን ልጃቸውን የጠበቁ መስሏቸው ስሙን ዋጥ አድርገው ኖሩ። ያደረጉት በፍቅር ነው። ሆኖም ልጅቷ በሥላሴ ስም ተጠምቃ፣ ሜሮን ተቀብታ፣ ሥጋውን ደሙን ተቀብላ ስታበቃ፣ ስሟን የሰማ ሁሉ ይጎዳታል ብለን ከፈራን ጥምቀቷን ምን ልንለው ነው?

ከእሳቸው ጋር ክርክር ውስጥ አትግቢ። ይልቅ የቅዱሳኑን ስም አንሺላቸው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ስለ ተዋሕዶ እምነቷ ስደትና እንግልት የተቀበለችውን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ያውቋታል። እስከ ዛሬ የምትታወቀው በክርስትና ስሟ ነው። ነገሥታቱም አልደበቁትም። ተፈሪ መኰንን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት በክርስትና ስማቸው ነው። ያን ስም አገር ምድሩ ጠራው።

መደበቁ የሚያመጣውን ጣጣ እኛ በየጊዜው እናየዋለን። እናት ታርፋለች። ካህናቱ ለፍትሐት ይቆማሉ። “የክርስትና ስሟ ማን ነው?” ይባላል። ልጆቿ እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ አገር ቤት ለአክስቱ ይደውላል። እዚያ ሌሊት ነው፤ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም። ሰዓቱ ይሄዳል፣ ሬሳው ይጠብቃል። ዘጠኝ ልጅ አሳድጋ፣ በየወሩ ጠበል ጻዲቅ ዘክራ የኖረች እናት ስሟ ጠፋ ማለት እኮ ነው። ንስሐ ለመግባት መጥተው “አባ፣ ቆይ እናቴን ልጠይቃት” የሚሉ ወጣቶችማ ስንት ናቸው! መተቱን ከመፍራት ይልቅ ይሄን ብንፈራው ይሻላል።

አሁን ወደ “ኤማ” ልምጣ። ባዕድ ስም ማውጣት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ነቢዩ ዳንኤል በባቢሎን ቤተ መንግሥት ብልጣሶር ተብሏል። ሦስቱ ወጣቶችም ሲድራቅ፣ ሚሳቅ፣ አብደናጎ የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። በዚያ ስም ተጠርተው መንግሥት አገለገሉ፣ እምነታቸውን ግን አልለቀቁም። አሁን ልብ በይ። ታኅሣሥ 19 ቀን ቅዱስ ገብርኤል ከእቶን እሳት ያዳናቸውን ስናከብር ቤተ ክርስቲያን ምን ብላ ትጠራቸዋለች? አናንያ፣ አዛርያ፣ ሚሳኤል። የቤተ መንግሥቱን ስም ቤተ መንግሥቱ ተጠቀመበት፤ በማኅሌቱ የሚጠሩት ግን ወላጆቻቸው ባወጡላቸው ስም ነው። የአንቺም ልጅ ትምህርት ቤት በአንዱ፣ ቤተ ክርስቲያን በሌላው ብትጠራ አዲስ ነገር አይደለም።

እንዲያም ሆኖ ባልሽን አንድ ነገር ብትጠይቂው ደስ ይለኛል። አያቷ ልጅቷን ሲጠሩ አፋቸው ላይ የሚጥም፣ አስተማሪዋም ሳትሰብረው የምትጠራው ስም ጠፍቶ ነው? ሐና፣ ማርታ፣ ሩት፣ ሣራ፣ ሊድያ፣ ሶስና አሉ። ቅዱስ መስቀሉን ያስወጣችውን ንግሥት እሌኒን እያሰባችሁ ሔለን ብትሏትም ያምራል። ፈረንጁም ያውቃቸዋል፣ እኛም እናውቃቸዋለን። ልጅቷ አድጋ “ስሜን ከየት አመጣችሁት?” ስትል የምትነግሯት ታሪክም አላቸው። ባልሽ ከ“ኤማ” አልወርድም ካለ ግን ቤታችሁን አታውኪ።

መካከለኛው ስም ላይ ያለው ችግር ጊዜው ነው። ሆስፒታሉ ስሙን የሚፈልገው በወለድሽ በጥቂት ቀን ውስጥ ነው። ሴት ልጅ የምትጠመቀው ደግሞ በ80 ቀኗ ነው። ይህም ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት ገባች ከሚለው ከመጽሐፈ ኩፋሌ፣ እንዲሁም በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ከተጻፈው ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው። የክርስትና ስም የሚሰጠው ያን ዕለት ነው፤ የሚሰጠውም ካህኑ ነው። ብዙ ጊዜ የተወለደችበትን ወይም የተጠመቀችበትን ዕለት በዓል ያያል። በ21 ከሆነ ወለተ ማርያም፣ በ7 ከሆነ ወለተ ሥላሴ፣ በ12 ከሆነ ወለተ ሚካኤል ሊላት ይችላል። ስለዚህ ራስሽ መርጠሽ ቅጹ ላይ ብትጽፊው፣ ካህኑ በ80 ቀኗ ሌላ ስም ቢሰጣት ሁለት ይሆንብሻል። የግድ ይግባ ካልሽ አሁኑኑ የንስሐ አባትሽን አማክሪ። ስሙን አስቀድሞ ቢነግርሽና በጥምቀቷ ዕለት ያንኑ ቢያጸናው ክፋት የለውም። ያኔም “ወለተማርያም” ብለሽ አጋጥመሽ ጻፊው። ለይተሽ ከጻፍሽው ኮምፒውተሩ ላይ ከፊሉ ይቀርና ልጅቷ ዕድሜ ልኳን “ወለተ” ብቻ ተብላ ትቀራለች። በኋላ ላስተካክል ብትዪ ፍርድ ቤት ሊያስኬድሽ ይችላል።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ ግን መካከለኛውን ለአባቷ ተዪለት። በእኛ ባህል ልጅ በአባቷ ትጠራለች፤ ከወንድሟ ጋርም ወረቀታቸው አንድ ዓይነት ይሆናል። የክርስትና ስሟ የጥምቀት ምስክር ወረቀቷ ላይ አለ። ቅጂውን ከልደት ካርዷ ጋር በአንድ ላይ አስቀምጪው። ዋናው ሥራ ያለው ቤትሽ ውስጥ ነው። ማታ ስትጸልዩ በዚያ ስም ጥሪያት። አፍ ስትፈታ “የክርስትና ስምሽ ማን ነው?” ብለሽ ጠይቂያት። ወንድሟም ይወቀው፣ የእሱንም እሷ ትወቀው። የልደቷን ቀን ኬክ ቆርሳችሁ የምታከብሩላትን ያህል ስሟን ያገኘችበትን ቅዱስ ቀን ቤተ ክርስቲያን ወስደሽ አስቆርቢያት።

ለባልሽና ለአማትሽ ደግሞ ሉቃስ ምዕራፍ 1ን አንብቡት፣ አብራችሁ። ዮሐንስ ሲወለድ ጎረቤትና ዘመድ በአባቱ ስም ዘካርያስ ሊሉት ነበር። ኤልሳቤጥ ዮሐንስ ይባል አለች። ከዘመዶችሽ በዚህ ስም የተጠራ የለም ብለው ተከራከሯት፤ ወደ አባቱም ዞሩ። ዘካርያስ መናገር ስለማይችል ስሙ ዮሐንስ ነው ብሎ ጻፈ። ዘመድ ሲንጫጫ ባልና ሚስቱ አንድ ቃል ነበሩ። እናንተም ምጡ ሳይመጣ ቁጭ ብላችሁ ጨርሱት፤ አራስ ሆነሽ፣ ቅጹ አጠገብሽ ሆኖ የሚጀመር ክርክር ማንንም አይጠቅምም።

የክርስትና እናቷንም ከአሁኑ አስቢ። የምትቆርብ፣ ስሟን የማትረሳ፣ ቅርብሽ ያለች ሴት ትሁን። ደግሞ ይህን ያዢልኝ፤ ሕፃኗ ብትታመምና ለሕይወቷ ቢያሰጋ 80 ቀን አይጠበቅም። ሌሊትም ቢሆን ለካህን ደውዪ፣ መጥቶ ያጠምቃታል፣ ስሟንም ያን ጊዜ ይሰጣታል።