ባዶውን ውጤት 0 አታድርጉት

ጥያቄ፦ ለግል ክሊኒኮች ሶፍትዌር በሚሠራ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ፕሮግራመር ነኝ። የላብራቶሪ ውጤት በኤክስኤምኤል ፋይል ይላክልናል፤ በፓይተን አንብበን ዳታቤዝ ውስጥ እናስገባለን። አንዳንድ ፋይል ላይ ውጤቱ ባዶ ይሆንና ፕሮግራሙ ኤረር አውጥቶ ይቆማል። ባልደረባዬ «ባዶውን ሁሉ 0 አድርገን እንገላገል» ይላል። እርስዎ ምን ይላሉ?
ሰ. ከአዳማ

መልስ፦ እባካችሁ 0 አታድርጉት። ሄሞግሎቢኑ 0 የሆነ ሰው በሕይወት ስለማይኖር እዚያ ላይ ሐኪሙ ወዲያው ይነቃበታል። እኔን የሚያስፈራኝ የወባ ጥገኛ ቆጠራ ነው። እዚያ 0 ማለት «ታይቶ ምንም አልተገኘም» ማለት ነው። ናሙናው ተበላሽቶ ያልተመረመረ ሕፃን በእናንተ ኮድ ምክንያት ወባ የለበትም ተብሎ ወደ ቤቱ ይሸኛል። ሪፖርቱም ይዛባል፦ 12፣ 15 እና አንድ ናል (NULL፣ ዋጋ ያልተሰጠው ቦታ) ቢኖሩ የዳታቤዝ መጠየቂያው ቋንቋ ኤስኪውኤል ናሉን ዘሎ አማካዩን 13.5 ይላል፤ በናሉ ፈንታ 0 ካስገባችሁ 9 ይሆናል።

ፋይሉን ከፍታችሁ ተመልከቱ፤ «ባዶ» የምትሉት አንድ ዓይነት አይደለም። ኤለመንቱ (ውጤቱን የሚይዘው በታግ የተከበበ ክፍል) ጭራሽ ያልተጻፈበት አለ። <hemoglobin/> ተብሎ ያለ ይዘት የተጻፈም አለ። ሦስተኛው ደግሞ ላኪው ሆን ብሎ «ዋጋ የለውም» ሲል በኒል አትሪቢዩት (xsi:nil፣ በታጉ ውስጥ የሚጻፍ ተጨማሪ መረጃ) ምልክት ያደረገበት ነው።

ኤክስኤምኤል በሚያነበው የፓይተን ላይብረሪ በኤለመንትትሪ፣ «ፋይንድ» ያልተጻፈውን ኤለመንት ሲያጣ «ነን» (None፣ ምንም የለም) ይመልሳል፤ በዚያ ላይ «ቴክስት» ስትሉት ነው ፕሮግራሙ የሚቆመው። <hemoglobin/> ሲሆን ኤለመንቱ ይገኛል፣ «ቴክስት» ግን «ነን» ነው። «ፋይንድቴክስት» ሁለቱን ይለይላችኋል፦ ላልተጻፈው «ነን»፣ ባዶ ለሆነው ባዶ ስትሪንግ ይሰጣል። በ«ፋይንድ» የተገኘውን ኤለመንት በባዶ «ኢፍ» ብቻ አትፈትኑት፤ ውስጡ ሌላ ኤለመንት ከሌለ ውጤት ይዞም ቢሆን እንደሌለ ይቆጠራል። «ኢዝ ኖት ነን» ብላችሁ ጻፉ። ታጉ ውስጥ ክፍት ቦታና አዲስ መስመር ብቻ የሚገኝበት ጊዜም ስላለ ጽሑፉን በ«ስትሪፕ» አጽዱት።

ኒልን በተመለከተ፣ ደንቡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው የኤክስኤምኤል ስኪማ (ፋይሉ ምን መያዝ እንዳለበት የሚገለጽበት ቋንቋ) ነው። ስኪማው ላይ ኤለመንቱ ኒል መሆን እንደሚችል ካልተፈቀደ ፋይሉ ልክ አይሆንም። ኤለመንትትሪ ስኪማ ስለማያነብ ምልክቱን ራሳችሁ ፈልጉት፤ ስሙ ከነሙሉ የኔምስፔስ (ስሙን ከተመሳሳይ ስሞች የሚለይ) አድራሻው ይጻፋል። ዋጋው «ትሩ» ብቻ ሳይሆን «1» ተብሎም ሊመጣ ይችላል።

ዳታቤዙ ላይ የውጤቱን ኮለም ናል እንዲቀበል አድርጉት፤ አጠገቡም ምክንያቱን የሚይዝ ሌላ ኮለም ጨምሩ። ኤችኤል7 የተባለው የጤና መረጃ ስታንዳርድ በሲዲኤ (የሕክምና ሰነድ ቅርጸት) ሰነዶቹ ውስጥ ይህንኑ ያደርጋል፤ «አልተጠየቀም»፣ «ተጠይቆ አልታወቀም» እና «አይመለከተውም» ለየራሳቸው ኮድ አላቸው። የሐኪሙ ስክሪን ላይም ባዶ ሳጥን ሳይሆን «አልተመረመረም» የሚል ጽሑፍ ይውጣ።

አሁኑኑ ግን ፋይሉን የሚልክላችሁን ክፍል፣ ምርመራው ሳይሠራ ሲቀር ከሦስቱ የትኛውን እንደሚጽፍ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ፋይሉን በማየት ብቻ ይህን መገመት አይቻልም።