እምነትን በድፍረትና በጨዋነት መመስከር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ እምነትን ለሌላ ሰው ስለ መመስከር የሚጠይቁ ናቸው። የረዘሙትን አሳጥሬ፣ ማንነትን የሚገልጸውን አስቀርቼ አቅርቤአቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ በመሥሪያ ቤታችን የስልክ ቡድን ውስጥ በየማለዳው ጥቅስ እልካለሁ፤ የሚመልስልኝ ግን የለም። ልቀጥል?

መልስ፦ ቡድኑ የተከፈተው ለሥራ ከሆነ አቁም።

ጥያቄ፦ አንድ አንባቢ በረጅሙ የጻፈልኝ ሲጠቃለል እንዲህ ነው። በሻይ ሰዓት አንድ ባልደረባው “ጸሎት የሚሰማ አምላክ የለም” ይላል። አንባቢያችን ስለ ፍርድና ስለ ገሃነም የሚናገሩ ጥቅሶችን ተራ በተራ ያነብለታል፤ ሰውየውም የጀመረውን ሻይ ትቶ ይነሣል። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንኳ ነፍጎታል። ወዳጆቹ “ለዘብ ብትል ምን ነበረበት?” ብለው ስለ ወቀሱት፣ መለዘብ በእውነት ላይ መደራደር አይደለም ወይ ሲል ይጠይቃል።

መልስ፦ አይደለም፣ ወንድሜ። ጳውሎስ አቴና ሲገባ ከተማው በጣዖት መሞላቱን አይቶ መንፈሱ እንደ ተበሳጨ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ይነግረናል። የከተማው ሸንጎ በሚሰበሰብበት በአርዮስፋጎስ ተነሥቶ ሲናገር ግን በብስጭቱ አልጀመረም፤ እጅግ ሃይማኖተኞች መሆናቸውን አንሥቶ፣ “ለማይታወቅ አምላክ” ተብሎ የተጻፈበትን መሠዊያቸውን ጠቅሶ፣ የገዛ ባለቅኔዎቻቸውን ቃል ምስክር አድርጎ ተናገረ። ይህን ሁሉ ካለ በኋላ ንስሐንም፣ ፍርድንም፣ የሙታንን ትንሣኤም አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። አንዳንዶቹ የሳቁበት ትንሣኤን ሲሰሙ ነው። የሳቁት በመልእክቱ እንጂ በመልእክተኛው አመል አልነበረም፤ የአንተ ባልደረባ ግን መልእክቱን ለመስማት እንኳ ፋታ አላገኘም። በሌላ ጊዜ ሮማዊው ገዥ ፊስጦስ በታላቅ ድምፅ “አብደሃል” ብሎ ሲጮኽበትም ጳውሎስ “ክቡር ፊስጦስ” ብሎ መለሰለት፤ ከተናገረው ግን አንዲት ቃል አላነሣም። እንግዲህ ድፍረት የሚለካው ተናጋሪው በራሱ ላይ ሊደርስ የሚችለውን እያወቀ ባለመሸሹ ነው፤ ሰሚውን ማቁሰል ግን ማንም ቍጡ ሰው የሚችለው ነገር ነው።

በደብዳቤህ ማብቂያ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሃት ግማሽ መስመር አለች፤ የሰውየው እናት ለብዙ ጊዜ ታመው በቅርቡ ማረፋቸውን ትገልጻለች። መልሱ ያለው እዚያው ነው። ያ ሰው የነገረ መለኮት ክርክር እየከፈተ አልነበረም፤ ስለ እናቱ ጸልዮ እንዳልተሰማ መናገሩ ሊሆን ይችላል። በዚያ ሰዓት ጥቅስ መደርደር ቀላሉ ነገር ነው፤ “ስለ እናትህ ጸልየህ ነበር?” ብሎ መጠየቅና የሚመጣውን መልስ ተቀምጦ መስማት ግን ከዚያ የበለጠ ድፍረት ይጠይቃል። አሁንም ሂድና ስለ እናቱ ጠይቀው፤ ስለ ገሃነም ያልከውን ለማስረዳት አትቸኩል። ያዕቆብና ዮሐንስም ኢየሱስን ባልተቀበለች የሳምራውያን መንደር ላይ እሳት ከሰማይ ይውረድ ብለው እንደ ነበር፣ ጌታም እንደ ገሠጻቸው አስታውስ። ያው ዮሐንስ በኋላ ከጴጥሮስ ጋር ሰማርያ ወርዶ፣ ሳምራውያን መንፈስ ቅዱስን ይቀበሉ ዘንድ ጸልዮላቸዋል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አያምንም። ማታ ማታ ስለ እምነት ስናወራ ጠብ ይነሣል፤ በቅርቡ መጽሐፍ ቅዱሴን ቀደደው፣ እጁንም አነሣብኝ። ልታገሥ ወይስ አጥብቄ ልመስክርለት?

መልስ፦ እኅቴ፣ የማታውን ክርክር አቁሚ፤ ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 3 ላይ ለቃሉ የማይታዘዝ ባል ያለ ቃል በሚስቱ ኑሮ ሊማረክ እንደሚችል ጽፎአል። ነገር ግን ያንን ጥቅስ ዱላን ለመታገሥ የተሰጠ ትእዛዝ አድርጎ የሚያነብልሽ ሰው ካለ አትስሚው። እጅ ማንሣቱ የምስክርነት ጉዳይ አይደለም። ለምታምኚው ዘመድ ዛሬውኑ ንገሪ፤ ጉዳት ካለብሽ ሐኪም ይይሽ፣ ለፖሊስም አመልክቺ። አገልጋዮች ዘንድ ሄደሽ “ታገሺ” ብቻ ብለው ከመለሱሽ በዚያ አትመለሺ፤ እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚያውቅ የቤተሰብ አማካሪ ፈልጊ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ፤ ከሕመምተኞቼ ጋር መጸለይ እችላለሁ?

መልስ፦ አልጋ ላይ ያለ ሰው ንግግርሽ ባይጥመው ተነሥቶ መሄድ አይችልም። መድኃኒቱን የሚጠብቀውም ከእጅሽ ስለ ሆነ “እሺ” ቢልሽ ከፈቃድ ይሁን ከይሉኝታ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ እርሱ ራሱ እስኪያነሣው ጠብቂ፤ የሥራ ደንቡን ደግሞ አለቃሽን ጠይቂ።

ጥያቄ፦ የማላውቀውን ቢጠይቁኝስ?

መልስ፦ “አላውቅም፤ አጣርቼ እነግርሃለሁ” በል። ከዚያም የምርህን አጣራ፤ ብዙዎቻችን የምንቀረው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ምሳሌ 26፥4 ለሰነፍ እንደ ስንፍናው አትመልስለት ይላል፤ ቁጥር 5 መልስለት ይላል። በኢንተርኔት ለሚሳደቡብኝ የትኛውን ልከተል?

መልስ፦ ሁለቱም ምክንያታቸውን ይዘዋል፦ የመጀመሪያው አንተም እርሱን እንዳትመስል፣ ሁለተኛው እርሱ ለራሱ ጠቢብ የሆነ እንዳይመስለው። ክርክሩን ከዳር ሆኖ የሚያነብና የሚጠቀም ሌላ ሰው ካለ አንድ ጊዜ በጨዋነት መልስና ውጣ። እኩለ ሌሊት ካለፈና ከስድብ በቀር የተጨመረ ነገር ከሌለ ግን ቁጥር 4ን ተከተል፤ ስልክህንም ዘግተህ ተኛ።