ልብ ወለድ ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው ላሉሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የቤት እመቤት እንደሆንሽ፣ ሁለት ልጆች እንደምታሳድጊ ነግረሽናል። ማታ ልብ ወለድ ስታነቢ ያየችሽ ዘመድሽ «አማኝ ሰው የፈጠራ ወሬ ያነባል? በዚህ ሰዓት ዳዊትሽን አትደግሚም?» እንዳለችሽም ጽፈሻል። የሃይማኖትና የታሪክ ልብ ወለዶች ይጠቅሙ እንደሆነ፣ ከየት መጀመር እንዳለብሽም ጠይቀሻል። እኔም ቤት ውዬ ልጆች ያሳደግኩ ሴት ነኝ። ያየሁትን በሰፊው ልንገርሽ።

መጀመሪያ ዘመድሽ ላለችው። 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12ን አውጪና እይ። ንጉሥ ዳዊት የኦርዮን ሚስት ከወሰደ በኋላ ነቢዩ ናታን ሲመጣ በቀጥታ ወቀሳ አልጀመረም። ስለ አንድ ሀብታም፣ ስለ አንድ ድሃና ስለ አንዲት ትንሽ በግ ነው ያወራለት። ዳዊት ሰምቶ ተቆጣ፤ በሀብታሙ ላይ ፈረደ። «ያ ሰው አንተ ነህ» የተባለው ከዚያ በኋላ ነው። በቀጥታ ቢነገረው ምን ይመልስ እንደነበር እንጃ፤ ታሪኩ ግን ልቡ ድረስ ገባ። ጌታም ስለ ደጉ ሳምራዊ ሲያስተምር የሰውየውን ስም አልነገረንም። ስለዚህ የተፈጠረ ታሪክ በራሱ የእምነት ጠላት አይደለም። ንስሐ አባቴን ጠይቄያቸው «ጸሎትሽን ካልተሻማብሽ አንብቢ» ነው ያሉኝ። ለአንቺም ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ደግሞ የአማርኛ ልብ ወለድ ራሱ የተጀመረው በዚሁ ዓይነት ታሪክ ነው። የመጀመሪያው የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ፣ ዛሬ «ጦቢያ» ብለን የምናውቀው፣ ሮም ላይ በ1900 ዓ.ም. ታተመ። ክርስቲያኖችና አረመኔዎች ሲዋጉ የተበተነ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር መንታ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። መጨረሻ ላይ አረመኔው ንጉሥ ክርስትናን ይቀበላል። መጽሐፉ ቀጭን ነው። አማርኛው ግን የድሮ ስለሆነ ለጀማሪ ይከብዳል፤ ቆየት ብለሽ ድረሺበት።

ታሪካዊ ልብ ወለድ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔን የያዘኝ እሱ ነው። አጼ ቴዎድሮስን ውሰጂ። ብርሃኑ ዘሪሁንም አቤ ጉበኛም ስለ እሳቸው በልብ ወለድ ጽፈዋል። ትምህርት ቤት ግን ለፈተና የሸመደድነው የጦርነት ስምና ዓመተ ምሕረት ነበር። ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሯት በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ነገሡ፤ ውቤ ተሸንፈው ታሰሩ። በቃ፣ እዚያ ላይ አለቀ። የውቤ ልጅ ጥሩወርቅ የአባታቸውን አሳሪ አግብተው እቴጌ መሆናቸውን ማን ነገረን? ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ገደሉ። እንግሊዞች እቴጌይቱንና ትንሹን ልዑል ዓለማየሁን ይዘው ወረዱ። እቴጌይቱ ከአገር ሳይወጡ መንገድ ላይ ሞቱ። ልጁ እንግሊዝ አገር አድጎ በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ አረፈ፤ ዊንዘር ተቀበረ።

የታሪክ መጽሐፍ ይህን በሁለት መስመር ያልፈዋል። ሊወቀስም አይገባም፤ ሰነድ ከሌለ ምን ብሎ ይጻፍ? ልብ ወለድ ግን ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ መቀመጥ ይችላል። አባቷን ካሰረ ሰው ጋር ማዕድ የምትቀርብ ሴት ምን ታስባለች? ልጇን በባዕድ ወታደር እጅ ትታ ስትሞት ምን ትላለች? እኔ ታሪክን የወደድኩት በዚህ በር ገብቼ ነው። ዓድዋም እንደዚያው። እቴጌ ጣይቱ መቀሌ ላይ የጣሊያንን ምሽግ ውሃ እንዳስያዙ ሁላችንም ሰምተናል። ያን ሁሉ ሠራዊት ተከትለው እህል እየፈጩ፣ እየጋገሩ፣ ውሃ እየቀዱ የሄዱትን ሴቶች ግን በስም የሚያውቃቸው የለም። ለድግስ አንድ ቀን ሙሉ ጋግራ የምታውቅ ሴት ይህን ስታነብ ወገቧ ነው የሚነግራት። ጥሩ ደራሲ እነዚያን ሴቶች ስም ሰጥቶ ያስነሳቸዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ደራሲ በቴዎድሮስ አፍ ያስቀመጠውን ንግግር እውነተኛ የንጉሡ ቃል አድርገው የሚጠቅሱ ሰዎች አሉ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ደራሲውንም ንጉሡንም መበደል ነው። ስለዚህ ልብ ወለዱን ስትጨርሺ አጠገቡ የታሪክ መጽሐፍ ይኑርሽ። የባሕሩ ዘውዴ «የኢትዮጵያ ታሪክ ከ1847 እስከ 1966» ለዚህ ይረዳል፤ ቋንቋው አያስቸግርም። ማን በእውነት የነበረ ሰው እንደሆነ፣ ማን የደራሲው ፈጠራ እንደሆነ ለይተሽ ደብተር ላይ ጫር አድርጊ። ልጆቼ ከፍ ሲሉ ቡና ላይ ታሪኩን ስነግራቸው «ይሄኛው የእውነት ነው?» ይሉኝ ነበር። መልስ ስፈልግላቸው ከልብ ወለዱ የበለጠ ተማርኩ።

ወደ መንፈሳዊዎቹ ልምጣ። እዚህ ላይ መራጭ ሁኚ። ጎረቤቴ ፕሮቴስታንት ናት፤ ከውጭ ቋንቋ የተተረጎሙትን እሷ ታውሰኛለች። እኛ ጋም ጥሩ ጥሩ አሉ። ነገር ግን ብዙዎቹ አንድ ዓይነት መንገድ ይሄዳሉ፤ ባል ይጠጣል፣ ይማታል፣ ሚስት ዝም ብላ ትጸልያለች፣ መጨረሻው ገጽ ላይ ባል አልቅሶ ይመለሳል። እግዚአብሔር ሰው አይመልስም እያልኩ አይደለም፤ ይመልሳል። ግን አንዲት የተጎዳች ልጅ ይህን አንብባ «እኔም ብታገሥ ይለወጣል» ብላ ዱላ ስር ከቀረች ደራሲው ተጠያቂ ነው። መጽሐፈ ኢዮብን የሚያውቅ ሰው መከራን እንዲህ አቅልሎ አይጽፍም።

በተቃራኒው ፍራንሲን ሪቨርስ የምትባል አሜሪካዊት ደራሲ አለች። የነቢዩ ሆሴዕን ታሪክ ወስዳ በ1850 እ.ኤ.አ. አካባቢ ካሊፎርኒያ ላይ፣ በወርቅ ፍለጋው ዘመን አስቀመጠችው። በልጅነቷ ለሴተኛ አዳሪነት የተሸጠች ልጅ ታሪክ ነው። ቁስሉን ሳትሸፍን ነው የጻፈችው። እኔ ከዚያ ተነስቼ ትንቢተ ሆሴዕን ከምዕራፍ 1 ጀምሬ አነበብኩ። ለእኔ የጥሩ መንፈሳዊ ልብ ወለድ መለኪያዬ ይህ ነው፤ ወደ መጽሐፍ ቅዱሱ ከመለሰኝ ጥሩ ነው።

ከየት ልጀምር ላልሽው፣ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ጀምሪ። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው። የፍቅር ታሪክ ብለው ያልፉታል፤ እኔ ግን እንደ እናት ሳነበው የስለት ታሪክ ነው። ውድነሽ በጣሙ ልጇን በዛብህን ለእግዚአብሔር ተስላዋለች። ልጁ አድጎ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ያ ስለት ነፍሱን ያስጨንቀዋል። እናት በጭንቋ ሰዓት የገባችው ቃል ልጁን ያስረዋል ወይ? ስንቶቻችን ነን ልጅ ሲታመምብን እንዲህ የተሳልነው? ይህን ጥያቄ ስብከት ላይ ሰምቼው አላውቅም። የጎጃም የቆሎ ትምህርት ቤት ኑሮ፣ የባላባቱ ትዕቢት፣ የጉዱ ካሳ ሙግት፣ ሁሉም እዚያው አለ። እምነትን ሳይሰብክ ስለ እምነት በጥልቀት ያሳስባል።

ወፍራም ነው ብለሽ እንዳትፈሪ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው አለ፤ ዛሬ ዩቲዩብ ላይ ይገኛል። ሽንኩርት ስትከትፊ፣ ልብስ ስታጥፊ ክፈቺው። ድምፁ ሰዎቹን ቤትሽ ያመጣቸዋል። ዳዊትሽን ጠዋት ደግመሽ፣ ትረካውን ቀን በሥራሽ መሐል ብታደርጊው ዘመድሽም የምትለው አይኖራትም። መግዛት ከተወደደብሽ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ጋ ጠይቂ፤ አዲስ አበባ ከሆንሽ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም፣ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ገብቶ ማንበብ ይቻላል። ልጆችሽ ሲያነቡ ያዩሽ፤ ተደብቀሽ አታንቢ።

በዛብህና ሰብለ ጋ ስትደርሺ ተመልሰሽ ጻፊልኝ። ስለ ውድነሽ ስለት ምን እንዳሰብሽ መስማት እፈልጋለሁ።