ስለ ባቄላ ሥር ባክቴሪያ ጠይቁኝ

ዛሬ የምመልሰው ስለ ራይዞቢየም ሌጉሚኖሳረም ነው። ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ጓያ ሥር ላይ እባጭ የሚሠራው ባክቴሪያ ማለት ነው። አፈር ላቦራቶሪ ውስጥ ብዙ ዓመት ከሱ ጋር ኖሬያለሁ።

ከደብረ ብርሃን፦ መምህር፣ የባቄላዬን ሥር እባጭ ሞልቶታል። በሽታ ይሆን?

መልስ፦ አይደለም፤ እንዳትነቅለው! አንዱን እባጭ በጥፍርህ ሰንጥቀው። ውስጡ ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያው ሥራ ላይ ነው፤ ከአየር ናይትሮጅን ይዞ ለባቄላው ምግብ ያደርግለታል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን አይሠራም። ቅላቱ እንደ ደማችን ኦክስጅን ከሚይዝ ፕሮቲን የመጣ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ናይትሮጅን የሚይዘው የባክቴሪያው ኢንዛይም ኦክስጅን ሲነካው ይበላሻል። ባክቴሪያው ደግሞ ለመተንፈስ ኦክስጅን ይፈልጋል። ይህ ፕሮቲን በልኩ እየቆነጠረ ያቀብለዋል። አየሩ 78 በመቶ ናይትሮጅን ቢሆንም ባቄላው ብቻውን ሊጠቀምበት አይችልም። ባክቴሪያው አንዷን የናይትሮጅን ሞለኪውል ባቄላው ወደሚጠቀምበት አሞኒያ ለመለወጥ 16 ኤቲፒ (የሕዋስ ጉልበት የሚሸከም ሞለኪውል) ይፈጃል፤ ስንቁን የሚችለው ባቄላው ነው፣ በስኳር። እኔ ይህንን ሳስብ ዛሬም ይደንቀኛል።

ተማሪ ነኝ፦ ባክቴሪያው ግራም ኔጋቲቭ ነው ሲባል ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ባክቴሪያ በሚለይበት በግራም ቀለም ሲነከር ሐምራዊውን አይዝም። ግድግዳው ስስ ነው፤ ከላዩ ሌላ ሽፋን አለው።

ተማሪ ነኝ፦ ማን አገኘው?

መልስ፦ ቤይጀሪንክ የተባለ ሆላንዳዊ፣ እ.ኤ.አ. በ1888 ከእባጭ ለይቶ አሳደገው።

ከአዳ፦ ለሽምብራ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። ሽምብራ ሜዞራይዞቢየም የሚባል የራሱ ባክቴሪያ አለው፤ አኩሪ አተርም ብራዲራይዞቢየም የሚባል። ሥሩ ኬሚካል ይለቃል፣ ባክቴሪያው በምልክት ይመልሳል። ካልተግባቡ ሥሩ አያስገባውም።

ስሜን አልናገርም፦ ህያው ማዳበሪያ ገዛሁ፤ አልሠራልኝም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። ምን ዘራህ? ፓኬቱን የት አስቀመጥክ? ውስጡ ያለው ይኸው ባክቴሪያ ነው፣ ነፍስ ያለው ነገር፤ ፀሐይ ይገድለዋል። ዘሩን ጥላ ሥር ለውሰው፣ ወዲያው ዝራ፣ ወዲያው አፈር አልብሰው። ከዩሪያ ጋር አትቀላቅል።

ከአርሲ፦ እኛ ባቄላና ስንዴ እናፈራርቃለን። ፓኬት ምን ያደርጋል?

ከጎጃም፦ ወንድሜ፣ አንተ ጋ አፈሩ ደህና ነው። የኛ አሲዳማ ነው፤ ማፈራረቅ ብቻውን አልሆነልንም።

ከአርሲ፦ ኖራ ጨምሩበታ!

ከጎጃም፦ ማጓጓዣውን ማን ይችላል?

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ባቄላ ሲዘራበት በኖረ ደህና መሬት ባክቴሪያው ለዓመታት ይቆያል። አሲዳማ አፈር ላይ ግን ይመነምናል። እዚያ መጀመሪያ ኖራ፣ ከዚያ ፓኬት። መንገዱ ውድ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ሆኖም ያለ ኖራ ፓኬቱ ብቻውን ብዙም አይረዳችሁም።

ከአዳ፦ መምህር ይቅርታ፣ ሽምብራው አልገባኝም። ትንሽ ቢነካካስ?

መልስ፦ መልሻለሁ፤ አይሆንም። የሽምብራውን ፓኬት ስጠኝ በል፣ ጊዜው አለማለፉን እይ። ፀሐይ ላይ ከደረደረው ሱቅ አትግዛ።