12 ጊዜ «አይሆንም» ለተባልሽው እህቴ

የመጽሐፌን ረቂቅ ለ12 የሥነ ጽሑፍ ወኪሎች (መጽሐፍ ለአሳታሚ ለሚያሻሽጡ) ልኬ ሁሉም አይሆንም አሉኝ፣ አንዷ ብቻ «አጀማመሩ ይጎትታል» ብላ ጻፈችልኝ፣ ልተወው ወይ ብለሻል። አትተዪው። እኔ 31 ጊዜ ተብያለሁ።

1. ለሁሉም የሚላከውን ኮፒ ፔስት መልስ አትመርምሪው። «ለእኛ የሚስማማ ሆኖ አላገኘነውም» የምትለዋን ይዤ ሳምንት ሙሉ ተብከንክኛለሁ፤ ለካ ምንም የለባትም። ብዙዎቹ ጭራሽ አይመልሱም። እሱም ያው አይሆንም ነው።

2. ለሁሉም በአንዴ አትበትኚ። ከ5 እስከ 10 ላኪና ጠብቂ። ገጽ እንኳ የሚጠይቅሽ ከጠፋ መጽሐፉን የምታስተዋውቂበትን ደብዳቤ ጠርጥሪ፤ ሙሉውን ጠይቀው ከመለሱት ግን ጣጣው ያለው ጽሑፉ ላይ ነው። ወኪሉ የማንበቢያ ክፈይ ካለሽ ደግሞ ሽሺ። እኔን አንዱ ጠይቆኛል፣ ለምን ስለው ጭራሽ ተቆጣ! አልከፈልኩትም፣ በዚህ እኮራለሁ። ወኪል የሚበላው መጽሐፉ ሲሸጥ ነው፣ ብዙ ጊዜ 15 በመቶ።

3. አስተያየት ሲመጣ አትቸኩዪ። እኔ ጉድ የሆንኩት እዚህ ላይ ነው። አንዷ ወኪል ሙሉውን አንብባ «የልጅነቱ ክፍል ታሪኩን አንቆታል፣ ካስተካከልከው ደግሜ አነበዋለሁ» አለችኝ። እንዲህ ያለ ዕድል በስንት ጊዜ አንዴ ነው የሚገኘው። እኔ ሆዬ በ6 ቀን ጨርሼ ላክሁላት። ምዕራፍ አንድን ቆርጬ ጣልኩ፣ ግን ስለሳሳሁለት ያንኑ ልጅነት ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ሸጎጥኩት። አታውቅም ብዬ! መልሷ አንድ መስመር ነበር፦ «ዕቃውን ከበር ወደ ሳሎን አዛወርከው እንጂ አላወጣኸውም።»

ተናደድኩ። የስድብ መልስ ሁሉ ጽፌ ነበር፤ እግዜር ይስጣት ሚስቴ አስጠፋችኝ። ሦስት ወር ፋይሉን አልከፈትኩም። ከዚያ አንድ ማታ ምዕራፍ ሦስትን ጮክ ብዬ ሳነብ ራሴው አዛጋሁ። 43 ገጽ ቆርጬ አወጣሁ፣ ሥራው አምስት ወር ፈጀ፣ 32ኛው ወኪል ፈረመኝ። ያቺ አስተያየት የሰጠችኝ ወኪል ግን ደግማ አላየችልኝም፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ለመሆኑ ያንቺዋ «አሻሽለሽ ላኪልኝ» ብላለች ወይስ «ይጎትታል» ብላ ብቻ ነው የተወችው? እሱን ጻፊልኝና እንነጋገራለን። እስከዚያ ምንም እንዳትልኪላት።