ብሩሽም መድረክም ለምትወዱ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ስንገናኝ የምትጠይቁኝ ያው አንድ ጥያቄ ነው። «ጋሼ፣ ሥዕሉን ልያዝ ወይስ ትወናውን?» እኔ ሁለቱንም ይዤ ነው ያረጀሁት። አትምረጡ እላችኋለሁ። ሁለቱም ከእናንተ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ሰውን አስተውሎ ማየት።

እስቲ ዘጌ ሂዱ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብታችሁ የመቅደሱን ግድግዳ ቀስ ብላችሁ ተመልከቱ። ጻድቃኑ በሁለት ዓይናቸው ያዩአችኋል። ክፉዎቹ ግን በጎን ነው የተሳሉት፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ይህን የአባቶቻችንን የአሣሣል ሥርዓት እኔ መድረክ ላይ ተጠቅሜበታለሁ። ክፉ ሰው ሆኜ ስጫወት ለተመልካቹ ፊቴን ሙሉ በሙሉ አልሰጥም። በጎኔ እቆማለሁ። ገጸ ባሕሪው የሚጸጸትበት ቦታ ሲደርስ ብቻ ቀስ ብዬ እዞራለሁ። ያኔ አዳራሹ እንዴት ጸጥ እንደሚል! ሕዝባችን እንዲህ ያለ ሥዕል እያየ ነው ያደገው፤ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

መድረኩም ለሥዕሉ ውለታ ይመልሳል። ቁምጣ የለበሰ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን ያንጠለጠለበት የጎጃም ገበሬ መሳል ፈለጋችሁ እንበል። ከፎቶ ብቻ ከገለበጣችሁት ትከሻው ይደርቅባችኋል። መጀመሪያ ዱላ ፈልጉና እናንተው እንደሱ ቁሙ። አንገት ወደ ፊት ሲገፋ፣ አንዱ ጉልበት ላላ ሲል፣ ክብደቱ አንድ ተረከዝ ላይ ሲያርፍ ይሰማችኋል። ከዚያ ሳሉ።

ሁለት ሙያ መያዝ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሄ ንጉሤ ባለ ቅኔ ነበር፤ ተውኔትም ጻፈ፣ መዝሙርም ደረሰ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሠዓሊም ገጣሚም ነበር። «ሁለት ያሳደደ አንዱንም አያገኝ» የሚላችሁ ካለ እነሱን ጥቀሱለት።

እንጀራውስ? ታፔላ ጻፉ። የምሬን ነው። የሱቅ ታፔላ መጻፍ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። ፊደል አስተካክሎ የሚጽፍ እጅ መስመሩ አይንቀጠቀጥም። ለትወና ስትጠሩ ደግሞ ክፍያውን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተዋዋሉ። እኔ በቃል ብቻ ተስማምቼ የሠራሁበት አንድ ቦታ ገንዘቤን ሳይሰጠኝ ቀርቷል። ጊዜን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ጠዋት ብርሃኑ ጥሩ ስለሆነ ለሥዕል፣ ማታ ለልምምድ።

ከሁሉ የሚከብደው የቤተሰብ ነገር ነው። «አስተምሬ አስተምሬ አዝማሪ ልትሆን ነው?» የሚል አባት ዛሬም አለ። በመጀመሪያ ነገር አዝማሪነት ራሱ ትልቅ ሙያ ነው፤ በስድብነት መነሳቱ ሁሌም ያመኛል። ቢሆንም ከአባታችሁ ጋር አትጣሉ። ስለ ልጁ እንጀራ ሰግቶ ነው። ይልቅ ልምምድ ላይ ጋብዙት። ትርኢቱን ሳይሆን ልምምዱን ይይ። አንዲት ዓረፍተ ነገር እስክትጠራ ድረስ ስንት ጊዜ እንደምትደጋግሙ፣ አዘጋጁ እንዴት እንደሚያርማችሁ፣ እናንተም ላብ በላብ ሆናችሁ እንደገና «እሺ» ብላችሁ ስትነሱ ይመልከት። እሱም ሲያርስ የዋለ ሰው ነው፤ ድካም ሲያይ ያውቃል።