ቁጥሩ ሞልቶ ድምጿ ሲጎድል፦ ሴቶች በዜና ውስጥ

ጥያቄ፦ የምሠራው በማኅበረሰብ ሬዲዮ ነው። አድማጮች «ሴቶችን አታቀርቡም» ብለው ወቀሱን። የአንድ ሳምንት ዜናችንን ብንቆጥር ግን ከተናገሩት ሰዎች 40 በመቶው ሴቶች ናቸው። ታዲያ ወቀሳው ከምን መጣ? (አዘጋጅ፣ ከደሴ)

መልስ፦ መጀመሪያ የቆጠራችሁበትን ወረቀት መልሳችሁ አውጡት። ዜና አንባቢዋንና ሪፖርተሯን ከእንግዶቹ ጋር ደምራችሁ ከሆነ ቁጥሩን ያበዛው እሱ ነው። እነሱ የጣቢያው ድምፅ ናቸው፤ ለብቻ ይቆጠሩ። አንድ ሰው በአንድ ዜና ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢናገርም አንድ ብላችሁ ያዙት።

ቀጥሎ በየስሙ አጠገብ ሰውየው ምን ሆኖ እንደቀረበ ጻፉ፦ ቃል አቀባይ፣ ባለሙያ፣ የዓይን እማኝ፣ የደረሰበትን የሚናገር፣ ወይስ መንገድ ላይ አስተያየት የተጠየቀ? ወቀሳው የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ስለ ኑሮ ውድነት በተሠራ ዜና ሦስት እናቶች ገበያ ላይ ቆመው የጤፍ ዋጋ ቢናገሩ፣ ዋጋው ለምን እንደናረ የሚያብራራው ኢኮኖሚስት ደግሞ ወንድ ቢሆን፣ ቆጠራው ሦስት ለአንድ ይላል። አድማጩ ጆሮ ውስጥ የሚቀረው ግን ሴት ስታማርር ወንድ ሲያስረዳ ነው። ዓለም አቀፉ የሚዲያ ምልከታ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በየአምስት ዓመቱ ይህንኑ ይቆጥራል። በዜና የሚታዩና የሚሰሙ ሴቶች ድርሻ በ1995 17 በመቶ ነበር፤ በ2020 ገና 25 በመቶ ነበር። በ2015 በባለሙያነት ከቀረቡት ውስጥ ደግሞ ሴቶቹ 19 በመቶ ብቻ ነበሩ።

በአማርኛ ስትቆጥሩ አንድ ወጥመድ አለ። «ደስታ ተናገሩ» ሲባል ስሙም የአክብሮት ግሱም ጾታ አይለይም። «ኃላፊዋ» ወይም «ኃላፊው» የሚለውን ጠብቁ፤ ከሌለ ቅጂውን አዳምጡ። ገምታችሁ አትሙሉ።

በዝግጅቶች የሴቶችና የወንዶች ድርሻ እኩል እንዲሆን የሚሠራው የቢቢሲው 50፡50 አሠራርም ይጠቅማችኋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአንድ የምሽት ዜና ዝግጅት የተጀመረ ሲሆን፣ አዘጋጁ ራሱ ሊመርጣቸው የሚችላቸውን እንግዶች ብቻ ይቆጥራል። የከንቲባውን መግለጫ ከንቲባው ይሰጣል፣ ምርጫ የላችሁም። መግለጫውን የምትተነትነውን ሴት ግን መምረጥ ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ ሴት ባለሙያዎችን ስንጋብዝ «ሌላ ሰው ጠይቁ» ይሉናል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ መቼ ነው የምትደውሉት? ለምሽት ሦስት ሰዓት የቀጥታ ሥርጭት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተደውሎ ከሆነ፣ ልጅ የምታሳድግና ማታ ታክሲ የምትጠብቅ ሴት እንቢ ብትል አይፈረድባትም። ከአንድ ቀን በፊት ደውሉ፤ የሚጠየቀውን ርዕስና ቆይታው ስንት ደቂቃ እንደሆነ ንገሯት፤ በቀን በስልክ መቅዳትን ወይም የመመለሻ መኪናን አማራጭ አድርጉ። እንቢ ካለች ሌላ ሴት እንድትጠቁማችሁ ጠይቋት፣ ስሟንም ከነሙያዋ መዝግቡ።

ጥያቄ፦ ጥቃት የደረሰባትን ሴት ዜና ስንጽፍ የትኞቹን ቃላት እንተው?

መልስ፦ ከርዕሱ እንጀምር። «በቅናት ተነሳስቶ ባለቤቱን ገደለ» ውስጥ ሁለት ስህተት አለ። «በቅናት» ብዙውን ጊዜ ተጠርጣሪው ለፖሊስ የሰጠው ምክንያት ነው፤ ርዕስ ላይ ሲወጣ የእናንተ ማብራሪያ ይሆናል፣ ጥፋቱም ወደ ሟቿ ያዘነብላል። «ገደለ» ደግሞ ፍርድ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሽ ጥፋተኛ እስኪባል ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት ሰጥቶታል። «ባለቤቱን በመግደል የተጠረጠረው ግለሰብ ተያዘ» ብትሉ ሁለቱም ይቃናሉ።

«የ14 ዓመት ታዳጊ ተደፈረች» የሚለውም ያው ነው፤ አድራጊው ከዓረፍተ ነገሩ ወጥቶ ልጅቷ ብቻዋን ትቀራለች። «ታዳጊዋን ደፍሯል የተባለው ግለሰብ ተከሰሰ» በሉ። «አደጋ ደረሰባት» አትበሉ፤ አደጋ የመኪና ነው፣ ይሄ ጥቃት ነው።

ፊት መሸፈን ብቻውን ማንነትን አይደብቅም። ቀበሌው፣ የምትማርበት ክፍልና የእናቷ ሥራ አንድ ላይ ከተጻፉ ሰፈሩ ያውቃታል። የግቢው በር ከታየ ወይም ድምፅዋ ሳይቀየር ከወጣ የተሸፈነው ፊት ምንም አልጠቀመም። ከሦስቱ መረጃዎች ቢበዛ አንዱን ብቻ ጻፉ፤ ቃሏንም በሌላ ሰው ድምፅ አስነብቡ።

ጥያቄ፦ አወያያችን ወንዱን ፕሮፌሰር «እርስዎ»፣ ሴቷን ፕሮፌሰር «አንቺ» ይላል። ቅርበት ነው ይላል።

መልስ፦ ቅርበት ከሆነ ለሁለቱም ይሁን። በጽሑፍም «ፕሮፌሰሩ ገለጹ» ተብሎ በሚቀጥለው መስመር «ወይዘሮዋ ተናገረች» ሲባል እናያለን፤ ማዕረጓም አክብሮቷም በአንድ መስመር ይወሰዳል። ከቀረጻው በፊት ለሁሉም እንግዶች አንድ አጠራር ወስኑና ከስማቸውና ከማዕረጋቸው ጋር በወረቀት ጽፋችሁ ለአወያዩ ስጡት። በመሃል ከተሳሳተ የቁጥጥር ክፍሉ በጆሮ ማዳመጫው ያስታውሰው።